ሺህ ቁራጭ

ነሐሴ። መናማ።
መስታወቱ ከውጭ ያልበዋል፣
ማቀዝቀዣው ከውስጥ ያስለዋል።
ማዳም ዊኒፍሬድ ሳጥኑን ገልብጣ
ሺህ ቁራጭ ዘረገፈች፣ ጠረጴዛው እስኪታጣ።
«ቤተ ክርስቲያኔ ናት» አለች፣ «የተጠመቅኩባት፣
አባቴ አርባ ዓመት ደወል የደወለባት።
ጉልበቴ እንቢ አለኝ፣ አውሮፕላን አልወጣ፤
ነይ ያኒ፣ እዚሁ ሆነን እንሂድባት።»

ስሜ ወርቅያንጥፉ ነው።
ምላሷ ላይ ሲደርስ ቁራሹ ብቻ ይተርፋል፤
አልከፋኝም፣ ረጅም ስም ሰው ቤት ይከብዳል።
ለባለሱቁ «ያኒ» ማለት «ማለቴ» ማለት ነው፤
ለሷ እኔን ማለት ነው።

መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙን፣ ቀጥ ቀጥ ያለውን ለቅመን
ቅጥሩን አቆምን።
ቅጥር ካለ ደጀ ሰላም አይቀርም፤
ነጠላ ጫማዬን ሳላውቀው ከጠረጴዛው ሥር ጣልሁት።
ማዳም አየችኝና ሳቀች፤
ቆይታ እሷም ካልሲዋን አወለቀች።

ሦስት ቀን ድንጋይ ብቻ፣
ግራጫ፣ ግራጫ፣ ሌላ ዓይነት ግራጫ።
እንደ ጸሎት እጅ የተጋጠሙ መስኮቶች፣
ጫፋቸው የሾለ፣ ሰማይ የሚወጉ ቅስቶች።
ከጣራው ሥር የእንጨት መላእክት፤
የእኛዎቹ ዓይን ብቻ ናቸው፣ ያያሉ፤
እነዚህ ትከሻ አላቸው፣ ጣራ ተሸክመው ያድራሉ።
(አንዱ ክንፍ የለውም፣ ከፋብሪካው ሲመጣ ጎድሏል።
ቢሆንም ይሸከማል።)

በአራተኛው ቀን፣ ከመቅደሱ አጠገብ አንድ ጥግ ቀረን።
ማዳም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ ንግሥት ተኝታለች» አለች፤
«የዚያ ስድስት ያገባው ንጉሥ ታናሽ እህት ነበረች።
በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ለባሕር ማዶ ሽማግሌ ንጉሥ
በውል ሰጧት፣ ጦር እንዲመለስ።
በመርከብ ጫኗት፣ ነፋሱ ክፉ ነበረ፤
ሦስት ወር ሳይሞላ ሽማግሌው ሞተ፣ ውሉም አብሮ ተቀበረ።»

እጄ ላይ ያለችው ቁራጭ አላባት።
በውል። ባሕር ማዶ። በአሥራ ስምንት።
የኔ ወረቀት «ሃያ አምስት» ይላል፤
ደሴ ላይ ደላላው በአንድ ሌሊት
የጨመረልኝ ሰባት ዓመት።

«ከዚያስ?»
«ከዚያማ የወደደችውን አገባች፣ ወንድሟ ሳይፈቅድ።»
«እሰይ!» አልኩኝ፣ ድመቱ ከሶፋው እስኪወርድ።

መቃብሯ ግን ድሮ እዚህ አልነበረም፤ ገዳም ነበር፣ ከመንገዱ ማዶ፤
ያው ወንድሟ አፈረሰው፣ መነኮሳቱን አሳድዶ።
የሰፈሩ ሰዎች ናቸው አጥንቷን ተሸክመው
ወደዚች አጥቢያ ያስገቧት።
«ንጉሥ?» አልኩ። «ገዳም?»
ማዳም እንደ ጥፋተኛ አቀረቀረች።
እኛ አገር ንጉሥ ገዳም ይተክላል፤
ኃጢአቱ ሲበዛ ደግሞ ሁለት ይተክላል።

ድንጋይዋ ልሙጥ ነው። ምንም የለበትም።
ማን ወርቅ ያንጥፍላት?
የመጨረሻዋን ቁራጭ ማዳም እጇን በእጄ ላይ ጭና
አብረን አስገባናት።

ዓርብ ዕረፍቴ ነው።
ማኅበራችን በእንግሊዞቹ ግቢ፣ ከኬረላዎቹ በኋላ፣
ከፊሊፒኖዎቹ በፊት፣ ሁለት ሰዓት ይከራያል።
በሩ ላይ የሲሚንቶ ቅስት አለ፣ የሾለ፤
ስምንት ዓመት ሳልፍበት አይቼው አላውቅም።
ቆምኩ። መዳፌን አሳረፍሁበት፤ ፀሐይ ጠጥቶ ይፋጃል።
«አውቅሃለሁ» አልኩት፣
«እናትህን አይቻታለሁ። እሷ ቀዝቃዛ ናት።»

ቅዳሜ፣ «አፍርሺያት» አለች ማዳም፣ «ጠረጴዛው ለእንግዳ ይፈለጋል፤
ለገና እንደገና እንሄዳለን።»
ሳጥኑን ያዝኩ።
መጀመሪያ ማማው ወደቀ፣ የአባቷም ደወል አብሮ፤
መላእክቱን በክንዴ ጠረግሁ።
ለካ ማፍረስ ቀላል ነው፣ ለንጉሥም ሆነ ለሠራተኛ፤
በአራት ቀን የተከልነው ደብር በአራት ደቂቃ ተኛ።

ያችን ጥግ ግን አልነካሁም።
ስድስት ቁራጭ ናት፤ እንደተያያዘች በሁለት እጄ አንስቼ
በሶፍት ጠቅልዬ ከሳጥኑ ሥር አኖርኋት።
ሁለቴ ነቅለዋታል።
ይበቃታል።